ህብለ ሰረሰር፣ ሕመምና እንቅልፍ፦ ምርምሩና የአዲስ አበባ ዳርቻ

ህብለ ሰረሰር ከአንጎል ሥር ተነሥቶ በአከርካሪ አጥንቶች ውስጥ ወደ ታች የሚወርድ፣ በአዋቂ ሰው ርዝመቱ ወደ 45 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ውፍረቱም ከትንሽ ጣት የማይበልጥ የነርቭ አካል ነው። 31 ጥንድ ነርቮች ከግራና ከቀኝ ይወጡለታል። ለረጅም ዘመን የአንጎልን ትእዛዝ ወደ ታች፣ የአካልን ወሬ ወደ ላይ ከማመላለስ ያለፈ ሥራ እንዳለው አይታሰብም ነበር። ካለፈው ምዕተ ዓመት ወዲህ የተካሄደው ምርምር ግን ይህ አካል ራሱ የሚያመዛዝን፣ ሕመምን የሚያጎላና የሚያደበዝዝ፣ ሰው ሲተኛም አሠራሩን የሚለውጥ መሆኑን አሳይቷል።

የየዕለት ሥራውን ለማየት ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ እንጨት በጀርባዋ ተሸክማ ወደ ሽሮ ሜዳ የምትወርድን እናት መመልከት ይበቃል። ሸክሙ ወገቧን አጉብጦት ስትራመድ ስለታም ድንጋይ ስስ የኮንጎ ጫማዋን አልፎ ቢወጋት፣ የተወጋው እግር ወዲያው ይሰበሰባል፤ ሌላው እግር ደግሞ በዚያው ቅጽበት ተገትሮ የሰውነቷንም የእንጨቱንም ክብደት ይቀበላል። ሁለቱም እንቅስቃሴዎች የሚቀናበሩት አንጎል ጉዳዩን ከማወቁ በፊት እዚያው ህብለ ሰረሰር ውስጥ ነው። እንግሊዛዊው ቻርልስ ሸሪንግተን ይህን ዓይነቱን ቅጽበታዊ ምላሽ በእንስሳት ላይ በዝርዝር ያጠና ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1932 ከኤድጋር ኤድሪያን ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ሕመሙ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ ያውም ሁለት ጊዜ። ስስ የቅባት ሽፋን ያላቸው ነርቮች በሴኮንድ ከ5 እስከ 30 ሜትር በሚደርስ ፍጥነት የመጀመሪያውን ስለታም ውጋት ያደርሳሉ። ሽፋን የሌላቸው ቀጫጭኖቹ ግን በሴኮንድ ወደ 1 ሜትር ብቻ ስለሚያስተላልፉ፣ የሚያቃጥለውና የሚጠዘጥዘው ሕመም ከእግር ጫፍ ተነሥቶ እስኪሰማ ከአንድ ሴኮንድ በላይ ይወስዳል።

እ.ኤ.አ. በ1965 ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል ባወጡት ጽሑፍ፣ የሕመም መልእክት ወደ አንጎል ከማለፉ በፊት ህብለ ሰረሰር ውስጥ ባለ በር እንደሚፈተሽ፣ ንክኪን የሚያደርሱ ወፍራም ነርቮች ሲነቁም በሩ እንደሚጠብ ሐሳብ አቀረቡ። የተመታ ጉልበትን ማሸት የሚያስታግሰው፣ የወጌሻ እጅም ቢያንስ ለጊዜው የሚያሳርፈው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። የንድፈ ሐሳቡ ዝርዝር በኋላ ብዙ ታርሟል፤ ዋናው ነጥብ ግን አልተሻረም። ከላይ ወደ ታች የሚመጣ ቁጥጥርም አለ። እ.ኤ.አ. በ1969 በመካከለኛው አንጎል የተወሰነ ቦታ ላይ በኤሌክትሪክ የተነቃቁ አይጦች ያለማደንዘዣ ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸው የሕመም ምልክት እንዳላሳዩ ተዘገበ፤ በ1975ም ጆን ሂዩዝና ሃንስ ኮስተርሊትዝ ሰውነት ራሱ የሚያመርተውን፣ እንደ ሞርፊን የሚሠራ ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ክሊፎርድ ዉልፍ በ1983 ያሳተመው ሥራ ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሄድ ነው፤ ከጉዳት በኋላ የህብለ ሰረሰር ሕዋሳት ራሳቸው ከመጠን በላይ ንቁ ሆነው ቀላል ንክኪን እንኳ ወደ ሕመም እንደሚለውጡ አስረዳ። ቁስሉ ድኖ ሕመሙ ያልለቀቀውን ሰው «አስመሳይ» ማለት ስህተት መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ግኝት የለም።

የሚጥሚጣ ማቃጠልም ከዚሁ ታሪክ አይወጣም። ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 የበርበሬን የሚያቃጥል ንጥረ ነገር የሚቀበለውን የነርቭ ፕሮቲን ሲያገኙ፣ ይኸው ፕሮቲን ከ43 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በላይ በሆነ ሙቀትም እንደሚከፈት ተረዱ፤ ለነርቩ ሚጥሚጣውም የጋለ ምጣዱም አንድ መልእክት ናቸው። ጁሊየስ በ2021 ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር የኖቤል ተሸላሚ ሆኗል።

ሕመም ሲጠፋ ምን እንደሚደርስ ለማወቅ ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ፣ ዘነበወርቅ በሚባለው ሰፈር፣ እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው አለርት የሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ማዕከል ይገኛል። ከአጠገቡ በ1970 በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች አነሣሽነት የተቋቋመው፣ የበሽታውን ባክቴሪያ በ1873 ባገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ስም የተሰየመው አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት አለ። ሕሙማንና ቤተሰቦቻቸው በዙሪያው ሰፍረው መንደር መሥርተዋል። ባክቴሪያው የነርቭን ሽፋን በሚሠሩት ሽዋን ሕዋሳት ውስጥ ይገባል፤ በዚህም እጅና እግር ስሜት ያጣሉ። ጣትና እግር የሚቆረጠው ሥጋው ራሱ ስለሚረግፍ ነው የሚለው እምነት እስከ ዛሬ አልጠፋም፤ እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ በሕንድ ቬሎር ባካሄደው ሥራ ግን ዋናው አጥፊ የሕመም አለመሰማት መሆኑን አሳይቷል። የጋለ ድስት በባዶ እጁ የሚያነሣ፣ ጫማው ውስጥ የገባ ጠጠር ላይ ቀኑን ሙሉ የሚራመድ ሰው ቁስሉን የሚያውቀው በዓይኑ ሲያየው ነው። ስለዚህ ምርመራው በቀጭን የናይሎን ክር ቆዳን ነካ እያደረጉ «ይሰማዎታል?» ብሎ መጠየቅን ይጨምራል፤ ታካሚውም በየቀኑ እግሩን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ፣ ቅባት ቀብቶ፣ ውስጥ እግሩን በዓይኑ እንዲፈትሽ ይመከራል። የሚገርመው፣ ስሜት ያጣው እጅ ሊያምም መቻሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ በኢትዮጵያ የሥጋ ደዌ ሕክምናቸውን በጨረሱ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከተጎዳ ነርቭ የሚመነጭ ሕመም ከፈውስ በኋላም እንደሚቀጥል አረጋግጧል።

በለገጣፎ፣ በኮዬ ፈጬና በመሳሰሉት አዳዲስ ሰፈሮች የሕንጻ ሥራ ስለሚበዛ ሌላው አሳሳቢ ጉዳይ ከመወጣጫ ላይ መውደቅ ነው። የወደቀን ሠራተኛ እጅና እግሩን ይዞ አንሥቶ ባጃጅ ውስጥ ማስገባት ከደግነት የሚመነጭ ቢሆንም፣ የተሰበረ አከርካሪ ተንቀሳቅሶ ህብለ ሰረሰርን ሊቆርጥ ይችላል፤ አንገትን ሳያንቀሳቅሱ በጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ማንሣት ይገባል። የላይኛው አንገት ላይ የሚደርስ ጉዳት ትንፋሽን ያቆማል። ብዙም የማይነገረው ደግሞ በእንቅልፍ ላይ የሚያመጣው ጣጣ ነው። ሲመሽ ሰውነትን ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀውን ሜላቶኒን የሚያመነጨው የአንጎል ዕጢ ትእዛዙን የሚቀበለው ከአንጎል ወደ ላይኛው የደረት ህብለ ሰረሰር ወርዶ በአንገት በኩል ተመልሶ በሚወጣ ዞሮ ገጠም የነርቭ መንገድ ነው። በአንገት ላይ ህብለ ሰረሰራቸው ሙሉ በሙሉ የተቆረጠ ሰዎች የሌሊት ሜላቶኒናቸው የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው።

ጤነኛ ሰው ሕልም በሚያይበት የእንቅልፍ ክፍል ከግንደ አንጎል የሚመጣ ትእዛዝ፣ ግላይሲንና ጋባ በተባሉ ንጥረ ነገሮች አማካይነት፣ ጡንቻን የሚያዝዙትን የህብለ ሰረሰር ሕዋሳት ያፍናል። ይህ ባይሆን ሰው ሕልሙን በአልጋው ላይ ይተውነው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1986 የተገለጸ አንድ የእንቅልፍ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በእርግጥም ይራገጣሉ፣ ይማታሉ። አፈናው ሳይነሣ አእምሮ ሲነቃ የሚከሰተው ደግሞ በአገራችን ዱካክ የሚባለው ነው፤ ሰውየው ክፍሉን ያያል፣ መጮህ ይፈልጋል፣ ጣቱን ማንቀሳቀስ ግን አይችልም፣ ደረቱም ላይ የተቀመጠበት ያለ ይመስለዋል። ጫት የሚቅሙ ሰዎች ባቆሙ ሰሞን ዱካክ እንደሚበዛባቸው ይናገራሉ። እንቅልፍ ማጣትና መዛባት ዱካክን እንደሚያባብሱ የታወቀ ስለሆነ ሌሊቱን በጥበቃ ሥራ የሚያሳልፉትም ተጋላጭ ናቸው።

እንቅልፍ ማጣት ሕመምንም ያባብሳል። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ አንድ ሌሊት ሳይተኙ ያደሩ ጤነኛ ወጣቶች ሙቀትን እንደ ሕመም የሚቆጥሩት ከወትሮው ዝቅ ባለ ደረጃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ዉልፍ የተሳተፈበት ሌላ ጥናት በተከታታይ ቀናት እንቅልፍ የተነፈጉ አይጦች ለሕመም ስሱ እንደሚሆኑ፣ ይህንንም ስሱነት የሕመም ማስታገሻዎቹ ሞርፊንና አይቡፕሮፌን ሳይሆኑ በቡና ውስጥ ያለው አነቃቂ ካፌይን እንደሚመልሰው አሳየ፤ ካፌይኑ የሠራው አይጦቹን በማንቃት እንጂ ሕመምን በማስታገስ አልነበረም። ግኝቱ በአይጥ ላይ ስለሆነ ወገቡን የሚያመው ዘበኛ ማታ ማታ እስከ በረካ ድረስ ይጠጣ ማለት አይደለም። ካፌይን በብዙ ሰው ደም ውስጥ ወደ ግማሽ ለመውረድ 5 ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተጠጣ ቡና ጧት 1 ሰዓት ላይ ከፈረቃው ወጥቶ ሊተኛ የሚሞክረውን ሰው ገና አልለቀቀውም።