ሃዋርድ ምንድን ነው? ለመሆኑ የትኛው ሃዋርድ?

ዋሽንግተን ዲሲ ለሚኖር ሐበሻ ሃዋርድ ማለት ዩኒቨርሲቲው ነው። ሜሪላንድ ላለው ደግሞ ሃዋርድ ካውንቲ ነው፤ እነ ኮሎምቢያና ኤሊኮት ሲቲ ያሉበት። ትራፊክ ካልያዘ ከአንዱ ሌላው በመኪና ሩቅ አይደለም። ስለዚህ አንዱ በሌላው ስም የተጠራ ቢመስል አይገርምም። ግን አይገናኙም።

ሃዋርድ የእንግሊዞች የቤተሰብ ስም ነው። እኛ ዘንድ የአባት ስም በየትውልዱ ይቀየራል። እነሱ ዘንድ ግን ያው ስም ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ይወርዳል። ወደ አሜሪካና አውስትራሊያ የፈለሱትም ይዘውት ሄዱ። ከመሃላቸው አንድ ታዋቂ ሲወጣ መንገዱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ አውራጃውም በእሱ ይሰየማል። እናም ስም ተመሳሰለ ማለት ዘመድ ናቸው ማለት አይደለም።

ከዩኒቨርሲቲው እንጀምር። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ስሙ የጄኔራል ኦሊቨር ኦቲስ ሃዋርድ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለሰሜኑ ተዋግቶ በ1862 ቀኝ እጁን አጥቷል። ጦርነቱ ሲያበቃ ከባርነት ነፃ የወጡትን የሚያቋቁመውን የመንግሥት ቢሮ እንዲመራ ተሾመ። በ1867 የተቋቋመው ዩኒቨርሲቲ በስሙ ተጠራ፤ እሱም ከ1869 እስከ 1874 በፕሬዚዳንትነት መራው። ይኸው ሰው ግን በ1877 ኔዝ ፐርስ የተባሉትን የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ከአገራቸው ለማስለቀቅ ጦር ይዞ ዘምቷል። ሲወደስ ይቺኛዋ ትዘለላለች።

ለእኛ ይህ ዩኒቨርሲቲ የሰፈር ጎረቤት ብቻ አይደለም። ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩት እዚያ ነው። በ1937፣ ጣሊያን አገራችንን ይዞ በነበረበት ጊዜ፣ ጥቁር አሜሪካውያንን ከኢትዮጵያ ጎን ለማሰለፍ ኒውዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው። የአፍሪካን ታሪክ ማስተማር እንደ ቁም ነገር በማይቆጠርበት ዘመን ፕሮፌሰር ዊልያም ሊዮ ሃንስቤሪ እዚያው ከ1922 ጀምሮ ሲያስተምሩ ኖረዋል። በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

የካውንቲው ሃዋርድ ሌላ ሰው ነው። ጆን ኢገር ሃዋርድ ይባላል። አሜሪካ ከእንግሊዝ ለመላቀቅ ስትዋጋ የጦር መኮንን ነበር፤ በኋላ የሜሪላንድ አገረ ገዥ ሆነ። ባልቲሞር ላይ ሃዋርድ ስትሪትም ኢገር ስትሪትም የእሱ ስም ናቸው። የዩኒቨርሲቲው ሃዋርድ በ1830 ሲወለድ ይህኛው ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር።

እንግሊዝ ስንሄድ ደግሞ ሃዋርዶች የመኳንንት ቤት ናቸው። የኖርፎክ መስፍንነት ከ1483 ጀምሮ፣ አልፎ አልፎ ቢነጠቁም፣ በእነሱ ዘር ነው። የንጉሥ ዘውድ በዓልን የሚያሰናዳው መስፍኑ ነው፤ የ2023ቱን የቻርልስን ዘውድ መጫንም ያሰናዱት እሳቸው ናቸው። የሄንሪ ስምንተኛ አምስተኛ ሚስት ካትሪን ሃዋርድም የዚህ ቤት ልጅ ነበረች። በ1542 አንገቷን አስቀላት። ከእሷ በፊት የተቀላችው ሁለተኛ ሚስቱ አን ቦሊንም በእናቷ ሃዋርድ ናት። ቤተሰቡ ለዙፋን መጠጋት አልበጀውም።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ግን የእስር ቤቱ ጆን ሃዋርድ ነው። በ1773 የእንግሊዟ ቤድፎርድሺር አውራጃ ሸሪፍ ሆነ፤ ወህኒ ቤቱም በሸሪፉ ሥር ነበር። እንደሌሎቹ ሹመቱን ብቻ ይዞ ቤቱ አልተቀመጠም፤ ወህኒ ቤቱን ራሱ ገብቶ አየ። ፍርድ ቤት ነፃ ያላቸው ሰዎች ታስረው አገኘ። ለምን? ጠባቂው ደሞዝ የለውም፣ የሚበላው ከእስረኛው ነው። ክፍያውን ካላገኘ አይለቅም። ሃዋርድ «ለጠባቂዎቹ ደሞዝ ቁረጡላቸው» ሲል ዳኞቹ «ሌላ ቦታ የተደረገ አሳየን» አሉት። እሱም ፈረሱን ጭኖ ወህኒ ቤት ለወህኒ ቤት ዞረ፤ ያገኘው ያንኑ ግፍ ነው። በ1774 ነፃ የተባሉት ሳይከፍሉ እንዲወጡ ሕግ ወጣ። በ1790 ዛሬ ዩክሬን በሆነችው ኬርሰን በተስቦ ሞተ። ለንደን ላይ የእስረኞችን ጉዳይ የሚከታተለው ሃዋርድ ሊግ በእሱ የተሰየመ ነው።

ታዲያ የመጀመሪያውን ስም ማየት ይበቃል? ሁልጊዜ አይደለም። ከ1996 እስከ 2007 አውስትራሊያን የመሩት ጠቅላይ ሚኒስትርም ጆን ሃዋርድ ናቸው። እዚያው አገር ፖርት አርተር ላይ አንድ ታጣቂ ብዙ ሰው በጥይት ከጨፈጨፈ በኋላ መንግሥታቸው ከ600 ሺህ በላይ ጠመንጃ ከሕዝብ ገዝቶ አስወግዷል።

ፔኒሲሊንን ለመድኃኒትነት በማብቃት በ1945 ከኖቤል ተሸላሚዎች አንዱ የሆኑት ሃዋርድ ፍሎሪስ? እሳቸው ከነዚህ ቤት አይቆጠሩም። ሃዋርድ የራሳቸው ስም ነው፤ የቤተሰቡ ፍሎሪ ነው።