«ፎርማኑ ያውቀዋል» ብቻውን አይበቃም፦ በግንባታ እውቀት ዙሪያ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አመለካከት፦ «ልምድ ያለው ፎርማን ካለ መመዝገብ አያስፈልግም።»

እውነታው፦ ፎርማኑ ያውቃል፤ ግን ሥራው ሲያልቅ እውቀቱን ይዞ ወደ ሌላ ሳይት ይሄዳል። ወሎ ውስጥ ይህ ዋጋ ያስከፍላል፤ መሬቱ አንድ ዓይነት አይደለምና። ከጦሳ ተራራ ሥር ያሉ የደሴ ተዳፋቶች በክረምት መንሸራተት ያሰጋቸዋል። ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ደግሞ መረሬ አፈር ያለበት ቦታ አለ፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ቀላል ቤት ከሆነ ግድግዳውን ይዞት ይነሳል። መረሬው ስንት ሜትር እንደወረደ፣ ውሃ ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንደተገኘ መሠረቱን ያስቆፈረው ሰው አይቷል። ካልጻፈው ግን አጠገቡ የሚሠራው ሰው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

አመለካከት፦ «የጸደቀው ፕላን ፋይል ውስጥ አለ።»

እውነታው፦ ፕላኑ የሚያሳየው የታሰበውን እንጂ የተሠራውን አይደለም። መሠረቱ ጠልቆ፣ የፍሳሽ ቱቦው ዞሮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በተሠራው ልክ የተስተካከለ ፕላን ያስፈልጋል፤ ለምን እንደተቀየረም ጎኑ ላይ ይጻፍ። ፎቅ ሊጨምር የሚመጣ መሐንዲስ አጥብቆ የሚፈልገው ይህንን ምክንያት ነው።

አመለካከት፦ «የላብራቶሪ ውጤት ካለ አርማታው ታወቀ።»

እውነታው፦ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው። የአርማታ ጥንካሬ የሚረጋገጠው ብዙውን ጊዜ በ28ኛው ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ ከምሰሶው በላይ ያለው ሶሌታ (የፎቁ ወለል) ተሞልቶ ሊሆን ይችላል። ለላብራቶሪ ከአርማታው በሚሞላው የናሙና ኪዩብ ላይ ቀኑና ናሙናው የተወሰደበት ምሰሶ ካልተጻፈ፣ ውጤቱ ዝቅ ብሎ ሲመጣ የቱን ምሰሶ ትፈትሻላችሁ? አሸዋው የመጣበት ወንዝ፣ የገባው የውሃ መጠን፣ አርማታው እንዲጠነክር ውሃ የጠጣባቸው ቀናት በዕለቱ ካልሰፈሩ ምክንያቱም አይገኝም።

አመለካከት፦ «እውቀትን መዝግቦ መያዝ ሶፍትዌር ላለው ትልቅ ድርጅት ነው።»

እውነታው፦ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው አይኤስኦ 30401 የተሰኘው የእውቀት አስተዳደር ደረጃ ራሱ ለማንኛውም መጠን ድርጅት የተዘጋጀ ነው። ደብተርና ስልክ ይበቃሉ። ያለ መግለጫ ቴሌግራም ላይ የሚለጠፍ ፎቶ ግን ሳምንት ሳይሞላው ይቀበራል።

አመለካከት፦ «እንግዲያው ሁሉንም ጽፎ ማስተላለፍ ይቻላል።»

እውነታው፦ አይቻልም። ድንጋይ ጠርቦ ማዕዘን የሚያሲዝ ግንበኛ እጁ የሚያውቀውን ወረቀት አይዘውም። ወጣቱን አጠገቡ ማሠራት ያስፈልጋል፤ አንጋፋው ለሚያስተምርበት ሰዓትም እንደ ሥራ ሰዓቱ ሊከፈለው ይገባል።