የመቀመጫ ድልድል ምንድን ነው? የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ የምክር ቤት ወንበርን ከግዛት ወደ ግዛት የሚያዘዋውርበት ስሌት

ኒው ዮርክ በ2020ው የሕዝብ ቆጠራ በ89 ሰው አንሳ አንድ የምክር ቤት ወንበር አጣች። ከ20 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላላት ግዛት 89 ሰው ማለት የአንድ ሕንፃ ነዋሪ ነው። ወንበሩን ያስቀረችው ሚኒሶታ ስትሆን፣ እሷም ብትሆን 26 ሰው ቢጎድላት ኖሮ ታጣው ነበር። ማንም ድምፅ አልሰጠበትም፣ ማንም አልተደራደረበትም፤ ቆጠራው ቁጥሩን አወጣ፣ ስሌቱ ወንበሩን ሰጠ። የመቀመጫ ድልድል የሚባለው ይህ ስሌት ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአሜሪካ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 1 መሠረት ሕዝቡ በየ10 ዓመቱ ይቆጠራል፤ የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫም ለግዛቶቹ እንደ ሕዝብ ብዛታቸው ይከፋፈላል። የመጀመሪያው ቆጠራ የተካሄደው በ1790 ነው፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ አልተዘለለም። እንግሊዝኛው ሪአፖርሽንመንት ይለዋል። በአማርኛ «ድልድል» ስንል ለበጀት እንደምንለው ነው፦ ያለው የተወሰነ ነው፣ ለሁሉም እንደየድርሻው ይመደባል። ሴኔቱን አይመለከትም፤ ካሊፎርኒያም ዋዮሚንግም ሁለት ሁለት ሴናተር ይዘው ይቀጥላሉ።

ብዙ ሰው ድልድልን ከማካለል ጋር ያምታታል። ድልድሉ «ለቴክሳስ ስንት ወንበር ይድረሳት?» የሚለውን ይመልሳል። ማካለል የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፦ ቴክሳስ የደረሷትን 38 ወንበሮች ይዛ ግዛቷን በ38 የምርጫ ክልል ትከፍላለች። ድልድሉ ሒሳብ ስለሆነ ማንም ቢሠራው መልሱ አንድ ነው። ማካለሉ ላይ ግን ፖለቲከኛው እጁን ያስገባል፤ ወሰኑን ለፓርቲ እንዲመች አድርጎ ማጣመም፣ ጄሪማንደሪንግ የሚሉት፣ የሚፈጸመው እዚያ ነው። በ2025 ቴክሳስና ካሊፎርኒያ በአሥር ዓመቱ መሃል ካርታቸውን ሲቀይሩ የተነካው ወሰኑ ብቻ ነበር፤ የወንበራቸው ብዛት 38 እና 52 እንደሆነ ቀጥሏል።

435 ላይ ለምን ቆመ?

ምክር ቤቱ በ1789 ሲጀምር 65 መቀመጫ ነበረው። ሕዝቡ ሲጨምር ቤቱም ስለሚሰፋ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ወንበር ማጣት እንደዛሬው የሚያስጨንቅ ነገር አልነበረም። ቁጥሩ 435 የደረሰው በ1913 ነው። ከዚያ የ1920ው ቆጠራ ከተሜው ከገጠሬው መብለጡን ለመጀመሪያ ጊዜ አሳየ። ወንበር ሊያጡ የነበሩት ግዛቶች ተወካዮች አልስማማ አሉና አሥር ዓመት ሙሉ ድልድል ሳይደረግ ቀረ፤ በአገሪቱ ታሪክ እንዲህ የሆነው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ይህ እንዳይደገም በ1929 የወጣው ሕግ፣ ኮንግረስ ተስማማም አልተስማማም ድልድሉ ከቆጠራው በኋላ በራሱ እንዲሠራ አደረገ፤ የመቀመጫውንም ቁጥር ባለበት አጸናው። አላስካና ሃዋይ በ1959 ሲቀላቀሉ ለጊዜው 437 ሆኖ ነበር፤ ከ1960ው ቆጠራ በኋላ ወደ 435 ተመለሰ።

ሕዝቡ ግን አልቆመም። ከ1910ሩ ቆጠራ በኋላ አንድ ተወካይ በአማካይ 210 ሺህ ገደማ ሰው ይወክል ነበር። ከ2020 በኋላ አማካዩ 761,169 ነው።

አንባቢን ሁልጊዜ የሚያደናግረውም ከዚሁ ይመነጫል። «ካሊፎርኒያ ወንበር አጣች» ሲባል ሕዝቧ የቀነሰ ይመስላል። አልቀነሰም፤ ከ2010 እስከ 2020 በ6.1 በመቶ አድጓል። ግን አገሪቱ በጠቅላላ በ7.4 በመቶ አድጋለች፤ ካሊፎርኒያ ከአማካዩ ወደኋላ ስለቀረች ግዛት ከሆነች ከ1850 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ወንበር ተቀነሰባት። በዚያ አሥር ዓመት ሕዝባቸው በእርግጥ የቀነሰው ሦስት ግዛቶች ብቻ ናቸው፦ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ሚሲሲፒና ኢሊኖይ። ሚሲሲፒ ሕዝብ ቀንሶባትም አራቱን ወንበሮቿን ይዛ ቀርታለች። በሌላው ጫፍ ዩታ በ18.4 በመቶ ከሁሉም ግዛቶች ፈጥና አድጋ አንድም ወንበር አልጨመረችም፤ 3.28 ሚሊዮን ሕዝቧ ለአማካዩ ሲካፈል 4.3 ይመጣልና አራት ላይ ቆመች። ስለዚህ የአንድን ግዛት ቁጥር ለብቻው አይቶ ወንበሩን መገመት አይቻልም፤ የሁሉም ከሁሉም ጋር ይታያል።

ስሌቱ እንዲህ ይሠራል

ሕገ መንግሥቱ ለእያንዳንዱ ግዛት ቢያንስ አንድ ተወካይ ያረጋግጣል። ስለዚህ መጀመሪያ 50 ወንበር ለ50ው ይታደላል፤ የቀረው 385 ነው። እነዚህ 385 ወንበሮች አንድ በአንድ፣ በየተራ ይሰጣሉ። ተራውን የሚወስነው «የቅድሚያ ዋጋ» የሚባል ቁጥር ነው። ዘዴው ከ1941 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው።

የቅድሚያ ዋጋው የሚገኘው እንዲህ ነው፦ ግዛቲቱ አሁን ያላትን የወንበር ብዛት ቀጥሎ በሚመጣው ቁጥር አባዛ፤ የተገኘውን ስኩዌር ሩት አውጣ፤ የግዛቲቱን ሕዝብ ለዚያ አካፍል። አንድ ወንበር ያላት ግዛት ለሁለተኛው ስትወዳደር 1 ሲባዛ በ2፣ ስኩዌር ሩቱ 1.414 ነው። በ2020 ለድልድል የተያዘው የካሊፎርኒያ ሕዝብ 39,576,757 ነበር፤ ለ1.414 ሲካፈል ወደ 27.98 ሚሊዮን ይሆናል። ይህን የሚያህል ስለሌለ 51ኛው ወንበር የእሷ ሆነ። የቴክሳስ 29,183,290 በዚያው ስሌት ወደ 20.64 ሚሊዮን መጥቶ 52ኛውን ወሰደች። አሁን ካሊፎርኒያ ሁለት ወንበር ስላላት ለሦስተኛው የምትካፈለው ለ2 ሲባዛ በ3 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም ለ2.449 ነው፤ 16.16 ሚሊዮን። አሁንም ከቀሪዎቹ ትበልጣለችና 53ኛው የእሷ ነው። 54ኛውን ፍሎሪዳ ወሰደች። አንድ ግዛት ወንበር ባገኘች ቁጥር አካፋዩ እያደገ የሚቀጥለው ተራዋ ይርቃል፤ ትናንሾቹ ተራ የሚደርሳቸውም በዚህ ነው።

እስከ መጨረሻው እንዝለል። 434 ወንበር ታድሎ አንድ ቀረ። ሚኒሶታ 7 ወንበር ይዛ ለስምንተኛው ትወዳደራለች፦ 5,709,752 ለ7.4833 (7 ሲባዛ በ8 ስኩዌር ሩት) ሲካፈል 762,997 ይመጣል። ኒው ዮርክ 26 ይዛ ለ27ኛው ናት፦ 20,215,751 ለ26.4953 ሲካፈል 762,994። የሦስት ነጥብ ልዩነት። የሌላው ሁሉ ቁጥር ባለበት ሆኖ ኒው ዮርክ ላይ 89 ሰው ቢጨመር ቅደም ተከተሉ ይገለበጥ ነበር።

ወንበር ስለማይቆረስ ፍጹም እኩልነት የለም። ሞንታና 1,085,407 ሕዝብ ይዛ ሁለት ተወካይ አገኘች፤ ለአንድ ተወካይ ወደ 543 ሺህ ሰው ማለት ነው። ደላዌር በ990,837 ሕዝብ አንድ ብቻ አላት። የሞንታና ሁለተኛ ወንበር ዋጋ 767 ሺህ ገደማ ሆኖ ከመጨረሻው መስመር ሲያልፍ፣ የደላዌር ወደ 701 ሺህ ሆኖ ሳይደርስ ቀረ። የደላዌር ነዋሪ ድምፅ ከሞንታናው ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህል ሚዛን አለው ብል ማጋነን አይሆንም፤ መፍትሔው የምክር ቤቱን መጠን ማስፋት እንደሆነ የሚከራከሩ ሰዎች ትክክል ይመስሉኛል።

ማን፣ የት ይቆጠራል?

የ1868ቱ 14ኛው ማሻሻያ በየግዛቱ ያለው ሰው በሙሉ እንዲቆጠር ያዛል። «ዜጋ» አይልም፣ «መራጭ»ም አይልም። ሕፃን፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ ጥገኝነት ጠይቆ የሚጠብቅ፣ ወረቀት የሌለው፣ ሁሉም ለድልድሉ እኩል አንድ ሰው ነው። ቦታውን የሚወስነው በቆጠራው ቀን፣ ኤፕሪል 1፣ ሰውየው በተለምዶ የሚኖርበትና የሚያድርበት ቤት ነው። ልጇን ልትጠይቅ ለሁለት ወር ከአዲስ አበባ የመጣች እናት አትቆጠርም፤ ኑሮዋን አሜሪካ ያደረገች ከሆነ ግን ትቆጠራለች። ሌላ ከተማ የሚማር ተማሪ የሚቆጠረው ወላጆቹ ቤት ሳይሆን ትምህርት ቤቱ ባለበት ነው።

ከአገር ውጭ ላለው ደንቡ ጠባብ ነው። የውትድርና አባላትና የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ከነቤተሰባቸው ለድልድል ብቻ ሲባል የመኖሪያ ግዛታቸው ተብሎ በተመዘገበው ግዛት ይቆጠራሉ። አዲስ አበባ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ ዲፕሎማት ይቆጠራል፤ ጡረታ ወጥቶ ቦሌ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ አይቆጠርም። ዩታ ከ2000ው ቆጠራ በኋላ የመጨረሻውን ወንበር በ856 ሰው ልዩነት በኖርዝ ካሮላይና ስትነጠቅ፣ ውጭ አገር ያሉ የሃይማኖት ልዑካኖቿ ይቆጠሩልኝ ብላ ከስሳ ተረታለች።

ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ ግዛት ስላልሆነች ከድልድሉ ውጪ ናት። በ2020 ወደ 690 ሺህ ነዋሪ ተቆጥሮባታል፤ ከዋዮሚንግ ይበልጣል፣ ዋዮሚንግ ግን ድምፅ የሚሰጥ ተወካይ ሲኖራት ዲሲ የላትም። ብዙ ሐበሻ ለሚኖርበት ለዚያ አካባቢ ይህ በቅርብ የሚታይ ነገር ነው፦ ከዲሲ ወጥቶ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ሲልቨር ስፕሪንግ የገባ ቤተሰብ ለሜሪላንድ ድልድል ይቆጠራል።

የሚበላሸው የት ላይ ነው?

በ2020 ቅጹን ራሱ የመለሰው ቤት 67 በመቶ ነበር። ለቀረው ቆጣሪ በር ያንኳኳል፣ ጎረቤት ይጠይቃል፣ የመንግሥት መዝገብ ያገላብጣል። በዚህ መሃል ሰው ይወድቃል። ቤዝመንት የተከራየው ልጅ፣ ዘመድ ቤት ያረፈ አዲስ ገቢ፣ የሁለት ወር ጨቅላ፤ ቅጹን የሚሞላው አባወራ «እኛ አራት ነን» ብሎ እነዚህን ይተዋል። በተቃራኒው ሁለት ቤት ያለው ሰው ሁለቴ ይቆጠራል። የቆጠራ ቢሮው ራሱ በኋላ ባደረገው ማጣሪያ ጥናት ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በ2.79 በመቶ፣ ጥቁሮች በ3.30 በመቶ፣ ሂስፓኒኮች በ4.99 በመቶ ጎድለው መቆጠራቸውን አሳውቋል። ከግዛቶች ፍሎሪዳ በ3.48፣ ቴክሳስ በ1.92 በመቶ ጎድለዋል፤ ሚኒሶታ በ3.84፣ ኒው ዮርክ በ3.44 በመቶ ከልክ በላይ ተቆጥረዋል። ስህተቱ ቢታወቅም ድልድሉ አይታረምም፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1999 ውሳኔ በናሙና የተገኘ ግምት ለድልድል እንዳይውል ይከለክላል። ለ10 ዓመት ይቆያል።

መልስ ከመስጠት ብዙ ሰው የሚከለክለው ፍርሃት ነው። ሕጉ ግን ጠንካራ ነው፦ መልሱ ለኢሚግሬሽን፣ ለፖሊስም ሆነ ለቤት አከራይ አይተላለፍም፤ አሳልፎ የሰጠ ሠራተኛ እስከ 5 ዓመት እስርና እስከ 250 ሺህ ዶላር ቅጣት ይጠብቀዋል። በ2020 ቅጹን መሙያ መመሪያ በአማርኛም ተዘጋጅቶ ነበር።

ወንበሩ ሲዘዋወር ምን ይለወጣል?

በ2020 ሰባት ወንበር ተንቀሳቀሰ። ቴክሳስ ሁለት ጨመረች፤ ፍሎሪዳ፣ ኖርዝ ካሮላይና፣ ኮሎራዶ፣ ኦሪገንና ሞንታና አንድ አንድ። ካሊፎርኒያ፣ ኒው ዮርክ፣ ፔንሲልቬኒያ፣ ኦሃዮ፣ ኢሊኖይ፣ ሚሺጋንና ዌስት ቨርጂኒያ አንድ አንድ አጡ። ነገሩ የቆየ ጉዞ ነው፤ ከ1930 ቆጠራ በኋላ ፔንሲልቬኒያ 34 ወንበር ነበራት፣ ዛሬ 17። ኒው ዮርክ ከ45 ወደ 26 ወርዳለች፤ ፍሎሪዳ ከ5 ወደ 28 ወጥታለች። ፋብሪካው የተዘጋበት ሰሜን ሰው ይለቃል፣ ሥራና ርካሽ ቤት ያለበት ደቡብና ምዕራብ ይቀበላል።

ወንበር ባጣ ግዛት ካርታው እንደ አዲስ ሲሰመር ነባር ተወካዮች አንድ ክልል ውስጥ ይወድቃሉ። ዌስት ቨርጂኒያ ከ3 ወደ 2 ስትወርድ ሁለት የሪፐብሊካን ተወካዮች፣ ዴቪድ ማኪንሊና አሌክስ ሙኒ፣ በ2022ቱ የፓርቲ ቅድመ ምርጫ ተፋጠጡ፤ ሙኒ አሸነፈ።

የፕሬዝዳንት ምርጫውም አብሮ ይነካል። ፕሬዝዳንቱን በመጨረሻ የሚመርጠው ኢሌክቶራል ኮሌጅ የሚባለው የመራጮች ጉባኤ ነው፤ በዚያ የአንድ ግዛት ድምፅ የተወካዮቿና የሁለቱ ሴናተሮቿ ድምር ነው፤ ከዲሲ 3 ጋር በጠቅላላ 538 ይሆናል፣ ለማሸነፍ 270 ያስፈልጋል። ጆ ባይደን በ2020 ያሸነፉባቸው ግዛቶች ያን ጊዜ 306 ድምፅ ነበራቸው፤ በአዲሱ ድልድል የእነዚያው ግዛቶች ድምር 303 ነው። አንድም መራጭ ሐሳቡን ሳይቀይር ሦስት ድምፅ ወደ ሌላው ወገን ሄደ።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም ቆጠራን ከውክልና ጋር አያይዞታል። አንቀጽ 103 በየ10 ዓመቱ ቆጠራ እንዲካሄድና የምርጫ ክልሎች ወሰን በዚያ ላይ እንዲመሠረት ያዛል፤ አንቀጽ 61 ደግሞ በፌዴሬሽን ምክር ቤት ለእያንዳንዱ ብሔር አንድ፣ ለተጨማሪ አንድ ሚሊዮን ሕዝብም አንድ ተጨማሪ ወኪል ይሰጣል። የመጨረሻው ቆጠራ የተደረገው በ2007፣ በእኛ 1999 ዓ.ም. ነው።

በአሜሪካ የሚቀጥለው የቆጠራ ቀን ኤፕሪል 1፣ 2030 ነው። የየግዛቱ ቁጥር በዘጠኝ ወር ውስጥ ለፕሬዝዳንቱ መድረስ አለበት፤ የ2020ው በኮቪድ ምክንያት ዘግይቶ የወጣው ኤፕሪል 26፣ 2021 ነበር። ከዚያ ግዛቶቹ ወሰን ያሰምራሉ። አዲሱ ድልድል ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራበት አገር አቀፍ ምርጫ የ2032ቱ ይሆናል፤ በዚያ ዓመት ተወካዮቹም ፕሬዝዳንቱም የሚመረጡት በአንድ ቀን ነው።