የልጅነት እምነትና ጸጸት በግለ ታሪክ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ስለ ልጅነት እምነት የሚጻፍ ግለ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ጸሐፊው ቋንቋ ስላጠረው አይደለም። ገና ወረቀቱ ላይ ሳይቀመጥ ይዞት የመጣው ግምት ነው የሚያበላሽበት። ደጋግመው የሚያጋጥሙት እነዚህ ናቸው።

«ጸጸትን ለመጻፍ ትልቅ ኃጢአት ያስፈልጋል»

የቤተ ክርስቲያን መምህሩ አውግስጢኖስ እ.ኤ.አ. ከ397 እስከ 400 ባለው ጊዜ ገደማ በጻፈው «ኑዛዜ» ሁለተኛ ክፍል እየተመላለሰ የሚያብሰለስለው ጥፋት የፍራፍሬ ስርቆት ነው። የ16 ዓመት ልጅ ሳለ ከጓደኞቹ ጋር በሌሊት የጎረቤት የፒር ዛፍ አራግፎ፣ አብዛኛውን ፍሬ ለአሳማ ጣለው። አልራበውም፤ ከዚያ የተሻለ ፍሬም ነበረው። ገጹን የሚሞላው «ታዲያ ለምን አደረግኩት?» የሚለው ጥያቄ መልስ ማጣቱ ነው።

ስለዚህ ከባዱን ጥፋት መፈለግ ይቅር። ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ አጮልቆ ማየት፣ ሳይጸልዩ ተኝተው «ጸልያለሁ» ማለት፣ በቀብር ላይ ሳቅ ማምለጥ ይበቃል። የጥፋቱን ክብደት አንባቢው የሚለካው ልጁ ከዚያ በኋላ ባደረገው ነው። «በጣም ተጸጸትኩ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ምንም አይመዝንም። ብርድ ልብስ ተከናንቦ ጸሎቱን የሚደግም፣ መሃል ላይ አንድ ቃል ስትስተው «ይሄኛው አይቆጠርም» ብሎ ከመጀመሪያው የሚጀምር፣ ሰባተኛው ላይ እንቅልፍ ጥሎት ጠዋት ደንግጦ የሚነሳ ልጅ ግን ይመዝናል። በዚህ ትዕይንት ውስጥ ጸጸት የሚለው ቃል አንዴም አልተነሳም፤ መነሳትም የለበትም።

«ጸጸትና ሀፍረት ያው ናቸው»

አይደሉም። ጸጸት ወደ ድርጊቱ ይጠቁማል፤ ሀፍረት ወደ ሰውየው። «ዋሸሁ» እና «ውሸታም ነኝ» ይለያያሉ። የተጸጸተ ልጅ መናገር፣ መመለስ፣ መካስ ያምረዋል። ያፈረ ልጅ ይደበቃል፣ ዓይን ይሸሻል፣ አንዳንዴም ይቆጣል። ረቂቁን ለመፈተሽ የልጁን ግሦች ብቻ አስምሩባቸው። «የጥፋተኝነት ስሜት» እያለ የሚተርክ ገጽ ላይ ግሦቹ ሁሉ መሸሽና መደበቅ ከሆኑ፣ የተጻፈው ሀፍረት ነው። ስሙን ማስተካከል አንድ ነገር ነው፤ የሚበልጠው ግን ያንን ልጅ «ጥፋት ሠራህ» ከማለት አልፎ «አንተ ራስህ ጥፋት ነህ» ያለው ማን እንደሆነ መፈለግ ነው።

«ልጅ ጥፋቱን የሚመዝነው እንደ አዋቂ ነው»

ብዙ ረቂቅ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዣን ፒያዤ እ.ኤ.አ. በ1932 ስለ ልጆች የሥነ ምግባር ፍርድ ባሳተመው ሥራ ለልጆች ሁለት ታሪክ ይነግራቸው ነበር። አንዱ ልጅ በር ሲከፍት ሳያውቅ 15 ስኒ ይሰብራል፤ ሌላው ተደብቆ ማርማላታ ሊያወጣ ሲል አንድ ስኒ ይሰብራል። የባሰ ያጠፋው ማነው? ትንንሾቹ ብዙ ጊዜ 15 የሰበረውን ይላሉ፤ ከፍ ያሉት ሐሳቡን ማየት ይጀምራሉ። በዚህ ላይ ልጅ በልቡ ያሰበው ውጭ የሚፈጸም ይመስለዋል። ተቆጥቶ «ምነው በሞተች» ያላት አያት በሳምንቱ ከታመመች፣ ያሳመማት እሱ ነው።

ደግሞም ልጅ የተባለውን ቃል በቃል ይወስዳል። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤድመንድ ጎስ እ.ኤ.አ. በ1907 መጀመሪያ ስሙን ሳይጽፍ ባሳተመው ትዝታ ውስጥ አንድ ሙከራ አለ። አምላክ ጣዖት የሚያመልከውን ይቀጣል ብሎ አባቱ ነግሮታል። ሕፃኑ ትንሽ ወንበር ጠረጴዛ ላይ ሰቅሎ ተንበርክኮ ጸለየለትና የሚሆነውን ጠበቀ። ምንም አልሆነም። አንድ አዋቂ ይህን ቢፈጥረው ልጁ «እንግዲያው አምላክ የለም» ብሎ ይነሳ ነበር። ጎስ ግን እዚያ አልደረሰም፤ የአምላክን መኖር አልተጠራጠረም፤ የተቀነሰው አባቱ የአምላክን ሐሳብ ያውቃል የሚለው እምነቱ ነው። የልጅ አመክንዮ እንዲህ ጠማማ ነው፤ ጠማማነቱን ማቃናት ትዕይንቱን መግደል ነው።

ለማረሚያ አንድ ወረቀት ሁለት ቦታ ክፈሉ። በግራ ልጁ በዚያ ቀን የሚያውቀውን፣ በቀኝ እናንተ ኋላ ያወቃችሁትን ጻፉ። «አክራሪነት»፣ «ጫና»፣ «ቁጥጥር» የሚሉ ቃላት ሁልጊዜ ማለት ይቻላል በቀኝ ይወድቃሉ። የቀኙን ከትዕይንቱ አውጡ። አይጣልም፤ ዛሬ ያለው ተራኪ በግልጽ ለብቻው በሚናገርበት አንቀጽ ይገባል። ሁለቱ ድምፆች በአንድ ዓረፍተ ነገር ከተቀላቀሉ የስምንት ዓመት ልጅ እንደ ሶሺዮሎጂ መምህር ማውራት ይጀምራል።

«የሃይማኖት ጫና ማለት ቁጣና ዱላ ነው»

ዱላ ለመጻፍ ቀላል ነው። የሚከብደው በፍቅር የመጣው ጫና ነው፦ «እኔስ አልቆጣህም፤ እሱ ግን አይቶሃል» ብሎ ዝም ማለት፣ እናት ስለ ልጇ ነፍስ ስትጸልይ ልጁ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ ማድረጓ፣ በሰው ፊት «ይሄ ልጄ እኮ ቅዱስ ነው» መባል። ውዳሴ ከቁጣ ይብሳል፤ ቁጣ ያልፋል፤ ቅዱስ የተባለ ልጅ ግን ያንን ስም ሲጠብቅ ይኖራል። እንዲህ ያለውን ጫና «ያስጨንቁኝ ነበር» ብላችሁ አታሳጥሩት። የተነገረውን ቃል፣ የተነገረበትን ክፍል፣ ማን አጠገብ እንደነበረ ጻፉ። ፍቅሩንም አትሰርዙ፤ ልጁን ማምለጫ ያሳጣው እሱ ነውና።

«ክፍተቱን በግምት መሙላት ይቻላል፤ ማን ያውቃል?»

አንባቢ ባያውቅ ወንድም ያውቃል። አብዛኛው አዋቂ ከሦስት ዓመት ዕድሜው በፊት የሆነውን አያስታውስም፤ ከዚያ በኋላ ያለውም ቢሆን ይደባለቃል፣ በተለይ በየሳምንቱ የሚደገም አምልኮ። አሜሪካዊቷ ደራሲ ሜሪ ማካርቲ እ.ኤ.አ. በ1957 ስለ ካቶሊክ ልጅነቷ ባሳተመችው መጽሐፍ መፍትሔው አለ፦ በምዕራፎቹ መካከል እርግጠኛ ያልሆነችበትን፣ ዘመዶቿ የሚክዱትንና ያጋነነችውን ለይታ ትጽፋለች። ባልሰረቀችው የወንድሟ የቆርቆሮ ቢራቢሮ የተነሳ የተገረፈችበትን ታሪክ ከተረከች በኋላ፣ አሳዳጊዋ ቢራቢሮውን ሆን ብሎ እሷ ቦታ አኖረው የሚለው ጥርጣሬ ከኮሌጅ መምህሯ የመጣ ሊሆን እንደሚችል ታምናለች። መጽሐፉ በዚህ አልረከሰም፤ እንዲያውም ከዚያ በኋላ የምትለው ሁሉ ይታመናል።

የምትጠይቁትን ዘመድ ረቂቁን ከማሳየታችሁ በፊት ጠይቁት፤ ካነበበ በኋላ የሚያስታውሰው የእናንተን ነው። «አባባ ተቆጥቶ ነበር አይደል?» አይባልም። «ያን ቀን ምን ሆነ?» ይባላል።

«መጨረሻው ወይ እምነቱን መተው ወይ መመለስ መሆን አለበት»

ሁለቱም ከድሮ የተወረሱ ቅርጾች ናቸው። መጨረሻው አስቀድሞ ከተወሰነ እያንዳንዱ የልጅነት ትዕይንት ማስረጃ ይሆንና ሕይወት ያጣል። መዝሙሩን እየወደደ ስብከቱን የሚፈራ ልጅ ነበረ፤ ያደገውም ሰው እንደዚያው ሊቀር ይችላል።

«መጻፍ ጸጸትን ያጥባል»

በከፊል ብቻ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጄምስ ፔንቤከርና ሳንድራ ቢል እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች በተከታታይ 4 ቀን ለ15 ደቂቃ ስለ ከባድ ገጠመኛቸው ጻፉ። የሆነውንም ስሜታቸውንም የጻፉት ወዲያው ስሜታቸው ከፋ፤ በተከተሉት ወራት ግን ወደ ጤና ጣቢያ የሄዱበት ጊዜ ቀነሰ። ጽፎ የተነሳ ሰው ወዲያው ቀለል ባይለውም ተሳስቷል ማለት አይደለም። ያ የ15 ደቂቃ ጽሑፍ ግን ለራስ የተጻፈ እንጂ ረቂቅ አይደለም፤ ለአንባቢ የሚሆነው ቆይቶ እንደ አዲስ ይጻፋል።

አንድ አደጋም አለ። ጥፋትን ያለማቋረጥ የመፈተሽ ጭንቀት ላለበት ሰው ጽሑፉ ራሱ ሌላ ኑዛዜ ሊሆንበት ይችላል። ምልክቶቹ ይታወቃሉ፦ ያንኑ አንቀጽ በየቀኑ ከፍቶ የተረሳች ትንሽ ጥፋት ይጨምርበታል፤ «ሙሉውን ካልተናገርኩ ዋሽቻለሁ» ይላል፤ ለሰው አሳይቶ ስለ ጽሑፉ ሳይሆን «መጥፎ ሰው እመስላለሁ?» ብሎ ይጠይቃል፤ «አትመስልም» ሲባል ለአንድ ሰዓት ያርፍና ሌላ ሰው ይፈልጋል። ይህ በአርትዖት አይፈታም። ፋይሉን ዘግቶ ይህን ዓይነት ጭንቀት ወደሚያክም ባለሙያ መሄድ ይሻላል፤ አርታዒም ቢሆን በተጠየቀ ቁጥር «ጥሩ ሰው ነህ» እያለ ማረጋጋቱን ያቁም።