አምፑ ነው ወይስ ስፒከሩ? ቤት ውስጥ ስንሞክር የምንሳሳትባቸው ነገሮች

አንድ ጓደኛዬ ቤት አዲስ አምፕሊፋየር (አምፕ፣ ድምፁን አጉልቶ ለስፒከሩ የሚሰጠው ዕቃ) ሰምቼ ደረቅ ነው፣ ባስ የለውም ብዬ ወጣሁ። በሳምንቱ ያንኑ አምፕ ተውሼ እኔ ቤት ከሌላ ስፒከር ጋር ሳገናኘው ድምፁ ሞላ፣ ክራሩም ከበሮውም ለየብቻቸው ይሰሙ ጀመር። አምፑ ያው ነው። የተለወጠው ስፒከሩና ክፍሉ ነው። አምፕን ለብቻው የሰማ ሰው የለም፤ ይህን ስለምንረሳ ነው ብዙዎቻችን ደህና ዕቃ በርካሽ የምንሸጠው።

"ዋቱ እጥፍ ከሆነ ድምፁም እጥፍ ይሆናል"

አይሆንም። ከ50 ዋት ወደ 100 ዋት ስትሄዱ የምታገኙት 3 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ብቻ ነው። ጆሯችን "እጥፍ ሆነ" የሚለው 10 ዴሲቤል ገደማ ሲጨመር ነው፣ ለዚያ ደግሞ 500 ዋት ያስፈልጋል። ስለዚህ ከዋቱ በፊት ስፒከሩ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል እንደሚሰጥ እዩ። 91 የሚል ስፒከር በ25 ዋት የሚያወጣውን ድምፅ 85 የሚለው ለማውጣት 100 ዋት ይፈልጋል። ካርቶን ላይ በትልቁ ፒ.ኤም.ፒ.ኦ (ለአፍታ ብቻ ይወጣል የሚባል ኃይል) ተብሎ የተጻፈውን የሺህ ዋት ቁጥር እርሱት፤ አር.ኤም.ኤስ (ያለማቋረጥ የሚሰጠው) የሚለውን ፈልጉ።

"ሁለቱን አፈራርቄ ሰማሁ፣ ይሄኛው ይበልጣል"

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። አንዱ አምፕ ከሌላው በትንሹም ቢሆን ከፍ ብሎ ከተሰማ፣ ጆሮ "ጮኸ" አይልም፤ "ጠራ፣ ሞቀ" ይላል። ቮልዩሙን ሁለቱም ላይ እኩል ቦታ ማቆምም አይበቃም፣ ምክንያቱም የአንዱ ግማሽ የሌላው ሩብ ሊሆን ይችላል። ተራ ቴስተር (ቮልት የሚለካው) ይበቃችኋል። ከስልክ የ100 ሄርዝ ድምፅ አጫውቱ፣ ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ ስፒከሩ ጀርባ ሽቦው የሚገባበት ላይ ለኩ፣ መጀመሪያው አምፕ 1 ቮልት ካሳየ ሁለተኛውንም በዚያው ስፒከር ላይ 1 ቮልት እስኪያሳይ አስተካክሉት። ልዩነቱ ከ1 በመቶ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ከዚያ ሌላ ሰው የትኛው እንደሆነ ሳይነግራችሁ ይቀያይርላችሁ። ሽቦ ስትነቅሉ ግን አምፑን አጥፉ።

በዚህ መንገድ ስትሰሙ ብዙ "የሰማይና የምድር" ያላችሁት ልዩነት ይጠፋል። የቀረው ነው እውነተኛው።

"8 ኦም ከተጻፈበት ሁሉም ስፒከር አንድ ነው"

ኦም ስፒከሩ የኤሌክትሪክ ፍሰቱን ምን ያህል እንደሚቋቋም ይነግራል፤ የተጻፈው ግን ግምታዊ ቁጥር ነው። ያው ባለ 8 ኦም ስፒከር አንዱ ድምፅ ላይ ወደ 6 ኦም ይወርዳል፣ ባሱ ጋ ደግሞ ከ20 በላይ ሊወጣ ይችላል። ኦሙ ሲወርድ አምፑ ብዙ ከረንት (የኤሌክትሪክ ፍሰት) መስጠት አለበት፣ ደካማው የሚጋለጠውም እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ አምፑን ኦሙ ብዙ በማይወርድ ስፒከር ብቻ አትፍረዱት። ባለ 4 ኦም ካገኛችሁ፣ አምፑም ጀርባው ላይ 4 ኦም እችላለሁ ካለ፣ ባስ ያለበት ሙዚቃ ለግማሽ ሰዓት አጫውቱበት። ከመጠን በላይ ጋለ? ራሱን አጠፋ? መልሱ ያ ነው። ሁለት ጥንድ ባለ 8 ኦም ስፒከር አንድ ላይ ስታስጮሁም ብዙውን ጊዜ አምፑ የሚያየው 4 ኦም መሆኑን አትርሱ።

የቱቦ አምፕ (በመስታወት ቱቦዎች የሚሠራው) ከሆነ ነገሩ ይብሳል፦ ከተለመደው የትራንዚስተር አምፕ ይልቅ የስፒከሩን ባህሪ ስለሚከተል፣ ስፒከር በቀየራችሁ ቁጥር ቃናው ይቀየራል። ያለ ስፒከር ደግሞ በፍጹም አታብሩት።

"ትንሽ አምፕ ስፒከር አያቃጥልም"

ያቃጥላል። ከአቅሙ በላይ ሲጎተት ድምፁ ይሰነጠቃል፣ መጀመሪያ የሚሄደውም ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው የስፒከሩ ክፍል) ነው።

"ስፒከሩ የትም ቢቀመጥ ያው ነው"

ብዙ ቤት ስፒከር የሚገባው ቡፌ ውስጥ ነው። እዚያ ባሱ ያጉረመርማል፣ የዘፋኙ ድምፅም ይታፈናል፣ ከዚያ አምፑ ይወቀሳል። ቢያንስ ለሙከራው ቀን አውጡት፣ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር አርቁት፣ ትዊተሩን ከጆሯችሁ ከፍታ ጋር አስተካክሉት። ሌላ ስፒከር ስታመጡ እዚያው ቦታ እንዲቆም ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ። ቀይና ጥቁሩንም ደግማችሁ እዩ፤ አንዱ ስፒከር ላይ ከተገላበጠ ባሱ ይሳሳል፣ ዘፋኙም መሐል ላይ መቆሙ ይቀርና ከየት እንደሚዘፍን አይታወቅም።