«አዲስ አበባን አውቃታለሁ» የሚል የሰሜን ሸዋ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ጠዋት ቆሎ እየቆረጠምን ተነስተን ምሳችንን እዚያ እንበላለን። ቅርበቱ ግን ጣጣ አለው፤ ከሩቅ የሚመጣ ሰው ጠይቆ ይገባል፣ እኛ ጠይቀን አናውቅም። የምናውቃት አዲስ አበባ ደግሞ ብዙ ጊዜ አባቶቻችን በግ ሸጠው ሲመለሱ ያወሩልን ናት። ስለ ማደሪያ፣ ስለ ምግብና ስለ ስፖርት ከአገሬ ሰው አፍ ደጋግሜ የምሰማቸውን፣ አንዳንዶቹንም ራሴ ተሳስቼ የተማርኳቸውን ላንሳ።

«ማደሪያ አውቶቡስ ተራ አካባቢ ነው የሚሻለው»

በዘመኑ ትክክል ነበር። መኪናው መርካቶ ሲያወርድና ማለዳ ከዚያው ሲያሳፍር፣ እዚያው ጥግ ማደር ብልህነት ነበር። ዛሬ የእኛ መስመር መኪና በሰንዳፋ፣ በለገጣፎና በኮተቤ አልፎ ላምበረት መናኸሪያ ላይ ያወርደናል። ላምበረት ወርዶ፣ ከተማውን አቋርጦ መርካቶ አድሮ፣ በማግስቱ ሌሊት ሻንጣ ተሸክሞ ወደ ላምበረት መመለስ ምን ይባላል? ጉዳዩ መርካቶ ለሆነ ነጋዴ ይሁን። ለሌላው መገናኛና ሃያ ሁለት አካባቢ ከመናኸሪያው ቅርብ ናቸው፤ በ2008 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም ከአያት ተነስቶ በመገናኛ፣ በሃያ ሁለትና በኡራኤል አድርጎ ወደ ስታዲየም ይወስዳል።

ፔንሲዮን ስንይዝ የምንሠራው ስህተት ግን ሠፈር ከመምረጥ ይብሳል፤ ክፍሉን ሳናይ እንከፍላለን። እኔ አንድ ጊዜ ንጹሕ አንሶላና አዲስ ቀለም አይቼ ብቻ ከፍዬ ገባሁ። ሁለት ሰዓት ሲሆን ከሥሬ ያለው ቤት ሙዚቃውን ለቀቀው፤ የአልጋው ራስጌ ከከበሮው ጋር አብሮ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ስል ደግሞ ቧንቧው ፉት ፉት ብሎ ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ ቁልፍ ከመቀበሌ በፊት ሁለት ነገር አደርጋለሁ፦ ቧንቧውን ከፍቼ ሙቁ ውሃ እስኪመጣ እጠብቃለሁ፣ መስኮቱንም ከፍቼ ከታች ያለውን አያለሁ። አስተናጋጇ ብትገላምጠኝም ግድ የለኝም።

«ዘመድ ቤት ማረፍ ወጪ የለውም»

ይህን የሚል ሰው ባዶ እጁን የሚሄድ መሆን አለበት፤ በእኛ አገር ደግሞ ባዶ እጁን የሚሄድ የለም። ቅቤው፣ በሶው፣ ለልጆቹ የሚገዛው ብስኩት ሲደመር የሁለት ሌሊት አልጋ ያህል ይሆናል። አክስቴ የምትኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከላምበረት ጀሞ ማለት ከተማዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማቋረጥ ነው። ውሃው በፈረቃ ስለሚመጣ እንግዳ ሲጨመር ጀሪካን ይጨመራል፤ እሷ ግን ይህን አትነግረኝም፣ «ምን ሆነህ ነው ሆቴል የምታድረው፣ እኔ ሞቻለሁ እንዴ?» ትለኛለች። ስለዚህ ለጉዳይ ስሄድ አልጋ እይዛለሁ፣ እሑድ ለቡና ቅቤዬን ይዤ እሄዳለሁ። ዘመዱ የካ አባዶ ወይም ለገጣፎ ላለ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ መንገዱ ላይ ናቸውና።

«ዝርዝሩ ላይ የተጻፈው ዋጋ የምንከፍለው ነው»

ትንንሽ ምግብ ቤት ውስጥ አዎ። ከፍ ያሉት ቤቶች ዝርዝር ግርጌ ላይ ግን በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ነገር አለ። ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ነው፣ ብዙ ሆቴል ደግሞ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ያስቀድማል። 400 ብር ብለን ያዘዝነው ምግብ ከአገልግሎቱ ጋር 440 ይሆናል፣ በዚያ ላይ ታክሱ ሲታሰብ 506 ብር። ሰው ጋብዞ 106 ብር ጎደለኝ ማለት የሚያመጣውን ላብ የቀመሰ ያውቀዋል። ሳያዙ በፊት «ታክሱ ገብቶበታል?» ብሎ መጠየቅ የድህነት ምልክት አይደለም።

«የጾም ቀን የሚበላ አይገኝም»

ተቃራኒው ነው። ረቡዕና ዓርብ በየሠፈሩ የሚቀርበው በያይነቱ ከማንኛውም ቀን ይልቅ ትኩስ ነው። ፒያሳ ያለው፣ እቴጌ ጣይቱ ያሠሩት የአገሪቱ የመጀመሪያ ሆቴል እንኳ የሚታወቀው በምሳ ሰዓት የጾም ቡፌው ነው።

ፒያሳን ካነሳሁ አይቀር፦ «ፒያሳ አንድ የማውቃት ቤት አለች» ብሎ ሰው ቀጥሮ መሄድም ይቅር። በ2016 የኮሪደር ልማቱ ከጀመረ ወዲህ ፒያሳም ካዛንቺስም ብዙ ቤት ፈርሷል። አስቀድሞ መደወል ነው።

«ጥሬ ሥጋ ላይ አረቄ ከተጠጣበት ኮሶ አይዝም»

ይህንን ያመጣነው እኛው ነን፤ አረቄያችንን መድኃኒት ማድረግ እንወዳለን። የኮሶ ትል እጭ በከብቱ ሥጋ ውስጥ በከረጢት ተሸፍኖ ይቀመጣል። አዋዜውም፣ ሚጥሚጣውም፣ አረቄውም አይገድሉትም። የሚገድለው በደንብ መብሰል ነው፤ ለብለብ ክትፎ ደግሞ በስሎአል አይባልም። አያቶቻችን ጥሬ ሥጋውንም አረቄውንም ያውቁ ነበር፣ ሆኖም በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጡ ነበር። አረቄው ቢበቃ ኖሮ ያንን መራራ ማን ይጎነጨው ነበር? ቁርጥ አትብሉ አልልም፤ እኔም እበላለሁ። ከበላሁ በኋላ ግን አረቄውን አምኜ አልቀመጥም፣ ምልክት ካየሁ ጤና ጣቢያ ሄጄ መድኃኒቱን እወስዳለሁ።

«ስፖርት የሚሠራው ለጂም የሚከፍል ነው»

ማለዳ 12 ሰዓት ላይ መስቀል አደባባይ የሄደ ሰው ይህን አይልም። ያ ሁሉ ደረጃ በሯጭ ይሞላል፤ ከዳር እስከ ዳር በየረድፉ እየተመላለሱ ወደ ላይ ይወጣሉ። ከ1994 ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄደው የታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትርም አደባባዩን የሯጭ አድርጎታል። ጃን ሜዳም ሜዳ ነው። አዲሶቹ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶችም ለመራመድ ይመቻሉ፣ መኪናው ሳይበዛና ጭሱ ሳይወርድ ከሆነ።

«እኛ ደገኞች ነን፣ አዲስ አበባ ላይ አይደክመንም»

ግማሹ እውነት ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,840 ሜትር ከፍታ ላይ ስትሆን የአዲስ አበባ መሐል ከዚያ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። መስቀል አደባባይ ላይ ስንሮጥ ትንፋሻችን ቢቀለን አይገርምም። እንጦጦ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከእኛም ከተማ ይበልጣል። እኔ ይህን ሳላሰላ፣ በ2013 የተከፈተውን ፓርክ ለማየት ብዬ አንድ ቅዳሜ ከሽሮ ሜዳ ዳገቱን በሩጫ ጀመርኩት። መንገዱን ሳላጋምስ ከባሕር ዛፍ ሥር ቆሜ ጉልበቴን ይዤ ሳለከልክ፣ ነጠላ ያጣፉ አንዲት እናት ወደ እንጦጦ ማርያም ሲወጡ አለፉኝ። ዘወር ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ከየት ነህ?» አሉኝ። ደብረ ብርሃን ማለት አፈርኩ፤ «ከናዝሬት» አልኳቸው።