የፓርቲ አንድነት ከፕራይመሪ በኋላ ምንድን ነው?

በአሜሪካ የፕሬዚዳንት ምርጫ ዓመት የመጀመሪያዎቹ አምስትና ስድስት ወራት የሚያልፉት በወንድማማች ጠብ ነው። የአንድ ፓርቲ ሰዎች እርስ በርስ ይፎካከራሉ፤ አንዱ የሌላውን ገመና ያወጣል፤ ደጋፊውም ጎራ ለይቶ ይቆራቆሳል። ኖቬምበር ሲደርስ ደግሞ ያ ሁሉ ሰው ከአንድ ዕጩ ጀርባ እንዲሰለፍ ይጠበቃል። የፓርቲ አንድነት የሚባለው ይኸው ነው፦ በፕራይመሪው ለተሸናፊው ድምፁን የሰጠ መራጭ በዋናው ምርጫ አሸናፊውን መምረጡ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ የሚሆንበት፣ እኛ ዘንድ ዕጩ የሚወጣው በፓርቲው ውስጥ ስለሆነ ነው። መራጩ የሚያየው ፓርቲው አጣርቶ ያቀረበለትን ስም ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም የሚመርጠው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። በአሜሪካ ግን የፓርቲውን ዕጩ የሚወስነው በየስቴቱ ወጥቶ ድምፅ የሚሰጠው ተራ መራጭ ነው። ይህ ምርጫ ፕራይመሪ ወይም ቅድመ ምርጫ ይባላል፤ ጥቂት ስቴቶች በስብሰባ መልክ ያካሂዱትና ኮከስ ይሉታል። ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በ1968 ሂዩበርት ሃምፍሪ በፕራይመሪ ሳይወዳደሩ የዲሞክራቶች ዕጩ ሆኑ፤ ዕጩው የሚጸድቅበት የቺካጎው የፓርቲ ጉባኤ ውስጡም ውጭውም በረብሻ ታመሰ፤ በኖቬምበርም ሃምፍሪ በሪቻርድ ኒክሰን ተሸነፉ። ዛሬ ያለው ሥርዓት በአብዛኛው ከዚያ ሽንፈት በኋላ የተዘረጋ ነው።

የመራጩ ድምፅ የሚመነዘረው በዴሌጌት፣ ማለትም በጉባኤ ልዑክ ቁጥር ነው። ከጠቅላላው ዴሌጌት ከግማሽ በላይ የያዘ የፓርቲው ዕጩ ይሆናል። በአከፋፈሉ ላይ ሁለቱ ፓርቲዎች ይለያያሉ፤ ጠቡ የሚረዝመው ወይም የሚያጥረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ዲሞክራቶች በድምፁ ልክ ያከፋፍላሉ፤ ከ15 በመቶ በታች ያገኘ ግን ምንም አይደርሰውም። 100 ዴሌጌት ያለው ስቴት አለ እንበል። ሦስት ተፎካካሪዎች 55፣ 35 እና 10 በመቶ ቢያገኙ ባለ 10ሩ ይወድቃል፤ ሁለቱ 61 እና 39 ይካፈላሉ። (እውነተኛው ስሌት በየምርጫ ክልሉም ስለሚሠራ ከዚህ ይወሳሰባል።) የተሸነፈውም ባዶ እጁን አይመለስም። ከየስቴቱ እየለቀመ እስከ ጁን መዝለቅ ይችላል፤ የሚመራውም በቀላሉ አይገላገለውም። ሪፐብሊካኖች ግን ከማርች አጋማሽ በኋላ ድምፅ የሚሰጡ ስቴቶች አንደኛ ለወጣው ሁሉንም ዴሌጌት መስጠት እንዲችሉ ይፈቅዳሉ፤ ስለዚህ ውድድራቸው ብዙ ጊዜ ቶሎ ይቋጫል።

ማን መምረጥ እንደሚችል በየስቴቱ ይለያያል፤ ይህን ባለማወቅ ብዙ ሰው ዕድሉ ያመልጠዋል። ሜሪላንድ ዝግ ነው፦ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር መራጭ በዲሞክራቶች የፕሬዚዳንት ፕራይመሪ ለመሳተፍ አስቀድሞ በዲሞክራትነት መመዝገብ አለበት። ከየትኛውም ወገን አይደለሁም ብሎ ከተመዘገበ የዚያ ፕራይመሪ የድምፅ ወረቀት አይሰጠውም። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ አሌክሳንድሪያ የሚኖረው ወንድሙ የሚመራው በሌላ ሕግ ነው። ቨርጂኒያ መራጭን በፓርቲ አትመዘግብም፤ በዕለቱ የሁለቱም ፓርቲዎች ፕራይመሪ ካለ የትኛውን እንደሚፈልግ ይጠየቃል፣ አንዱን ብቻ ይወስዳል። ያንን መውሰዱ የፓርቲው አባል አያደርገውም። ፓርቲ መቀየሪያው ቀንም ያስቀራል። ኒው ዮርክ በ2016 ፕራይመሪውን ያካሄደው ኤፕሪል 19 ሲሆን፣ ፓርቲ ለመቀየር የመጨረሻው ቀን ግን ከስድስት ወር በፊት በኦክቶበር አልፎ ነበር። የዶናልድ ትራምፕ ልጆች ኢቫንካና ኤሪክ ሳይቀሩ ቀኑ አልፎባቸው አባታቸውን መምረጥ አልቻሉም።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ መግባት አለበት። ፕራይመሪ «የፓርቲ ጉዳይ» ስለሚመስል ግሪን ካርድ ያለው ሰው መምረጥ የሚችል ይመስለዋል። አይችልም። የፕሬዚዳንት ፕራይመሪ የፌዴራል ምርጫ ነው፤ ዜጋ ሳይሆኑ ድምፅ መስጠት ወንጀል ነው፣ ከአገር እስከ መባረርም ያደርሳል። መንጃ ፈቃድ ሲወጣ የሚቀርበውን የመራጭነት ምዝገባ ጥያቄ ሳያነቡ «አዎ» ማለት አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ታማኝነትስ ግዴታ ነው ወይ? ለመራጩ አይደለም። በዲሞክራትነት የተመዘገበ ሰው በኖቬምበር ሪፐብሊካኑን ቢመርጥ የሚጠይቀው የለም፤ ድምፁ ምስጢር ነው። ተወዳዳሪዎቹም ቢሆኑ የሚያስራቸው ቃላቸው ብቻ ነው። በሴፕቴምበር 2015 ትራምፕ ማንም ቢያሸንፍ እደግፋለሁ ብለው ፈረሙ፤ በማርች 2016 ደግሞ አልታሰርበትም አሉ። በዚያው ዓመት በፕራይመሪው በትራምፕ የተሸነፉት ቴድ ክሩዝ በክሊቭላንዱ ጉባኤ መድረክ ላይ ቆመው ሰዎች ሕሊናቸው እንደሚላቸው እንዲመርጡ ተናገሩ፤ የትራምፕን ዕጩነት እደግፋለሁ የሚለው ቃል ግን ከአፋቸው አልወጣም፤ አዳራሹ ጮኸባቸው። ድጋፋቸውን የሰጡት በሴፕቴምበር ነው። በ1980 ደግሞ የዲሞክራቱ ፕሬዚዳንት የጂሚ ካርተር ተፎካካሪ ኤድዋርድ ኬኔዲ፣ ካርተር በቂ ዴሌጌት ይዘው እያሉ፣ ዴሌጌቶች ከቃላቸው ነፃ ይውጡ ብለው እስከ ጉባኤው ድረስ ታገሉ። ተሸነፉ። በመጨረሻው ምሽት መድረክ ላይ ወጡ፤ ካርተር የፈለጉት፣ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ላይ የሚያነሱበት ፎቶ ግን ሳይነሳ ቀረ። አገሩ ሁሉ በቴሌቪዥን አየው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት የሚባለው ዓይነት ነበር። በኖቬምበር ካርተር በ44 ስቴቶች ተሸነፉ። ለሽንፈታቸው የኢራኑ የእገታ ቀውስና የዋጋ ንረቱም ትልቅ ድርሻ አላቸው፤ ሁሉን ነገር በኬኔዲ ላይ መጫን ልክ አይደለም።

አንድነት ሲሠራ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ከ2008 የተሻለ ምሳሌ የለም። ባራክ ኦባማና ሂላሪ ክሊንተን ከጃንዋሪ 3 እስከ ጁን 3 ተፋለሙ። መሐል ላይ አንድ የመተዳደሪያ ሕግ ጉዳይ ሊያቃጥለው ተቃርቦ ነበር፦ ሚሺጋንና ፍሎሪዳ ከተፈቀደላቸው ቀን ቀድመው ፕራይመሪ በማካሄዳቸው ፓርቲው ዴሌጌቶቻቸውን ነጥቋቸው ነበር። ሁለቱንም ያሸነፉት ክሊንተን ናቸው፤ ሚሺጋን ላይ ግን የኦባማ ስም ወረቀቱ ላይ እንኳ አልነበረም። ሜይ 31 የፓርቲው የሕግ ኮሚቴ ተሰብስቦ ለእያንዳንዱ ዴሌጌት ግማሽ ድምፅ ሰጠ። በዚህም ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ቁጥር ወደ 2,118 ከፍ አለ። ማንንም ሙሉ በሙሉ ያላስደሰተ ውሳኔ ነበር፤ ቢሆንም ከመጨረሻዎቹ ፕራይመሪዎች በፊት በአደባባይ መወሰኑ በጀ። በኦገስት፣ ውጤቱ ካለቀ በኋላ፣ ሙሉ ድምፃቸው ተመለሰላቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው የሽምግልና ሥራ ነው፤ እያንዳንዱም እርምጃ ቀን አለው። ክሊንተን ጁን 7 ዋሽንግተን ላይ ውድድሩን ማቆማቸውን አስታውቀው ኦባማን ደገፉ። የመጨረሻው ድምፅ ከተሰጠ አራት ቀን ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል። ጁን 27 ሁለቱ ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ዩኒቲ በምትባል ትንሽ ከተማ አብረው ቆሙ። ዩኒቲ ማለት አንድነት ነው፤ ከተማዋ ግን ለስሟ ብቻ አልተመረጠችም። በጃንዋሪው ፕራይመሪ ነዋሪዎቿ ለኦባማ 107፣ ለክሊንተንም 107 ድምፅ ሰጥተው ነበር። ዕዳም ነበረ። የክሊንተን ዘመቻ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ውስጥ ገብቶ ስለነበር ኦባማ ትልልቅ ለጋሾቻቸውን እንዲረዱ ጠየቁ፤ እሳቸውም በወቅቱ ሕጉ ለአንድ ሰው የሚፈቅደውን ጣሪያ 2,300 ዶላር ሰጡ። በኦገስት የዴንቨር ጉባኤ ላይ የክሊንተን ስም ለዕጩነት ቀረበ፤ የስቴቶች ስም እየተጠራ ድምፅ መቆጠር ተጀመረ። ይህ ባዶ ሥርዓት አይደለም፤ ደጋፊዎቻቸው የለፉበት ድምፅ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ነው። የኒው ዮርክ ተራ ሲደርስ ክሊንተን ራሳቸው ተነሥተው ቆጠራው ይቁምና ኦባማ በጭብጨባ ይጽደቁ ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ውጤቱ ምን ሆነ? በምርጫው ዕለት መራጮችን በመጠየቅ የተሰበሰበው መረጃ እንደሚያሳየው፣ ከክሊንተን ዲሞክራት ደጋፊዎች ከስድስቱ አምስቱ ያህል ኦባማን መረጡ። አንድ ስድስተኛው ያህል ግን ወደ ሪፐብሊካኑ ዕጩ ጆን ማኬይን ሄደ።

አሁን 2016ን አጠገቡ እናስቀምጥ። በፕራይመሪው በክሊንተን የተሸነፉት በርኒ ሳንደርስ ድጋፋቸውን ለእሳቸው የሰጡት ጁላይ 12 ነው፤ ጉባኤው ሁለት ሳምንት ሲቀረው። ጁላይ 22 የፓርቲው ብሔራዊ ኮሚቴ ኢሜይሎች በዊኪሊክስ ወጡ፤ የኮሚቴው ሠራተኞች ወደ ክሊንተን ማዘንበላቸው ታየ፣ ሊቀመንበሯም በጉባኤው ዋዜማ እንደሚለቁ አስታወቁ። ከዚያ በፊትም ሱፐርዴሌጌት የሚባሉት የፓርቲው ሹማምንት ብዙዎቹ አንድም መራጭ ድምፅ ሳይሰጥ ለክሊንተን ቃል ገብተው ነበር፤ ዜና ማሰራጫዎችም ከተመረጡት ዴሌጌቶች ጋር ደምረው ይቆጥሯቸው ነበር። ፊላዴልፊያ ላይ አንዳንድ የሳንደርስ ዴሌጌቶች አዳራሹን ጥለው ወጡ። ከምርጫው በኋላ በተደረገ ሰፊ ጥናት በፕራይመሪው ሳንደርስን ከመረጡት 12 በመቶ ያህሉ ትራምፕን መርጠው ተገኙ።

ቁጥሮቹን ደግመው ይመልከቷቸው። ወደ ተቃዋሚው የኮበለለው ድርሻ በ2016 ከ2008ቱ አልበለጠም። «ኦባማ ፓርቲውን አንድ አደረገ፣ ክሊንተን አልቻለችም» የሚለው የተለመደ ወሬ እዚህ ላይ ይፈርሳል። ልዩነቱ ያለው ኅዳጉ ላይ፣ ማለትም አሸናፊው ከተሸናፊው በበለጠበት የድምፅ መጠን ላይ ነው። ኦባማ በሰባት ነጥብ ያህል ስላሸነፉ የፈሰሰው ሁሉ አልጎዳቸውም። በ2016 ግን ሚሺጋን የተወሰነው በ10,704 ድምፅ ነው፣ ዊስኮንሲን ከ23 ሺህ ባነሰ፣ ፔንስልቬኒያ በ44 ሺህ ገደማ። ማንኛውም እንስራ ከምንጭ እስከ ቤት ሲሸከሙት ትንሽ ያፈሳል፤ ፓርቲን የሚያስጠማው የፈሰሰው ከቀረው ኅዳግ ሲበልጥ ነው። ጨርሶ የማይፈስ አንድነት እስካሁን አልታየም፤ እሱን የሚጠብቅ ዘመቻ ጉልበቱን የሚያባክነው በማይመለሱ ሰዎች ላይ ነው።

የማይመለሱት እነማን ናቸው? ብዙዎቹ መጀመሪያውኑ የፓርቲው ሰዎች አይደሉም። በ2016 ከሳንደርስ ወደ ትራምፕ ከሄዱት አብዛኞቹ ራሳቸውን ዲሞክራት ብለው የማይጠሩ ነበሩ። እነዚህን «ከሃዲ» ብሎ መሳደብ ከንቱ ነው፤ ያልገቡበትን ቤት አልከዱም። መመለስ የሚችለው ሌላው ነው፦ የፓርቲው ሰው ሆኖ የተጭበረበረ የመሰለው። እሱን የሚያርቀው የፖሊሲ ልዩነት ብቻ አይደለም። ሕጉ መሐል ላይ ተቀየረብኝ፣ ዳኛው ከአንዱ ወገን ነበረ፣ እጅ ስጥ እየተባልኩ ተሰደብኩ የሚለው ስሜት ከየትኛውም የጤና መድን ክርክር በላይ ይቆያል። ዲሞክራቶች ይህን ተረድተው በኦገስት 2018 ሱፐርዴሌጌቶች ውጤቱ አስቀድሞ ካልታወቀ በስተቀር በጉባኤው የመጀመሪያ ዙር ድምፅ እንዳይሰጡ ከለከሉ። በ2020 ደግሞ ሳንደርስ በኤፕሪል ከውድድሩ ሲወጡ የእሳቸውና የአሸናፊው የጆ ባይደን ወገን ሰዎች በስድስት ጉዳዮች ላይ የጋራ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ለተሸናፊው የተሰጠው ነገር በጽሑፍ የሰፈረ ሐሳብ ነበር።

የፕራይመሪ ቁጥር ሲነበብ ደግሞ መጠየቅ ያለበት ስቴቱ ዝግ ነው ወይስ ክፍት የሚለው ነው። በ2024 የትራምፕ ተፎካካሪ ኒኪ ሄሊ በማርች መጀመሪያ ከሪፐብሊካኖች ውድድር ከወጡ በኋላ በኤፕሪል በፔንስልቬኒያ ከ16 በመቶ በላይ፣ በሜይ በኢንዲያና ከ21 በመቶ በላይ አገኙ። የኢንዲያናው ቁጥር ቢበልጥም ክብደቱ ያነሰ ነው፤ እዚያ ሪፐብሊካን ያልሆነ ሰውም መግባት ይችላል። ፔንስልቬኒያ ግን ዝግ ነው፤ እነዚያ የተመዘገቡ ሪፐብሊካኖች ናቸው። በዚያው ዓመት በሚሺጋን የዲሞክራቶች ፕራይመሪ ከ100 ሺህ በላይ ሰዎች በጋዛ ጦርነት ተቆጥተው «ማንንም አልመረጥኩም» የሚለውን ሳጥን ሞሉ። በፕራይመሪ እንዲህ ማድረግ ድምፅን ማባከን አይደለም፤ ማንም ሳይጎዳ ቁጣ የሚቆጠርበት ብቸኛው ቦታ ነው።

በኖቬምበር ግን ያ ሳጥን የለም። የፕሬዚዳንቱን መስመር ባዶ መተው ይቻላል፤ ወረቀቱ አይበላሽም፣ ለኮንግረስ፣ ለስቴት ምክር ቤትና ለትምህርት ቦርድ የተሰጡት ድምፆች ይቆጠራሉ። ክሊንተንና ትራምፕ በ10,704 ድምፅ በተለያዩባት ሚሺጋን በ2016 የፕሬዚዳንቱ መስመር ባዶ ሆኖ የተቆጠረው ወረቀት ከ75 ሺህ በላይ ነበር።